አራት ብለህ ጻፈው

ዊኒፔግ፣ ወሩ ጥር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
እንደ አበዳሪ ሰው ብርዱ ደጅ ሲጠብቀኝ፣
ትንፋሽ ከአፍ ሳይርቅ ጢም ላይ ሲጋገር፣
ከተማው በሞላ በበረዶ ሲታሰር፣
በዚያ ሁሉ ሰፈር አንድ ክፍል ብቻ ሞቀ፤
የእኛው ማቀዝቀዣ። ሞተሩ ታነቀ።

ሦስት ጊዜ አየሁት፣ መነጽሬን ወልውዬ፣
አሥራ አንድ ይላል ቁጥሩ፤ ምን ላርገው ጌታዬ?

አለቃዬ ግሬግ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤
ልጄ የተወለደች ለት አልጋ ያመጣልኝ እሱ ነው፣ አልረሳም።
ትከሻዬን ነካ አርጎ፣ «ጠጋኙ መንገድ ላይ ነው፣ አታካብደው፤
አራት ብለህ ጻፈው።
ሰባት ዲግሪ ምን አላት፣ ማንስ ሊያውቃት ነው?
ጠዋት መኪናው ተነሺ ነው፤ የተማሪ ምሳ ነው።»

ከጀርባው ግድግዳ ላይ የንስር ፎቶ አለ፣
ከሥሩ በወርቅ ቀለም «ሐቀኝነት» ያለ።
ኅዳር ላይም ሠልጥነናል፣ አርባ ደቂቃ፣ በኮምፒውተር፤
«ገብቶኛል» የሚለውን ስጫን ስጫን ያገኘሁት ምስክር
ወረቀቱ ሎከሬ ውስጥ ነው፣ ከሳንድዊቼ ጋር።

ብዕሩን አነሳሁ።
እውነቱን ልናገር፣ ልጽፈው ነበር፤
የአራትን አንድ እግር አስምሬም ነበር።

ማሪቴስ፣ የማኒላዋ ሴት፣ ጓንቷን አውልቃ
(የእሷ ሥራ ማንበብ ነው፣ የእኔ መጻፍ፣ በቃ)
«አሥራ አንድ» አለች።
ግሬግ «አራት» አለ።
«አሥራ አንድ» አለች። ድምጿ ከፍም አላለ፣
ዝቅም አላለ፤
ሰዓት ስንት ነው ብለው እንደጠየቋት ሰው።

ብዕሬ ሥር የቆመችው የአራት እግር፣
ያቺ ቋሚ ሰረዝ፣ ሳትጋደም፣ ሳትሰበር፣
አንድ መሆን እንደምትችል ያየሁት ያኔ ነው።
ከጎኗ ሌላ አንድ አቆምኩላት።
አሥራ አንድ ነው።

መኪናው ቀረ። ዶሮው ተጣለ፣ አርባ ፓሌት፤
ልጆቹ ዳቦና አይብ በሉ ይባላል በዚያች ዕለት።
ሐሙስ ከቶሮንቶ መጡ፣ ክራባት ያሰሩ፣
መዝገቡን ገልጠው መረመሩ።
ማን ጻፈ ተባለ፤
ማን አስጻፈ የሚል ጠያቂ ግን የለ።

ግሬግ ዛሬም ሰላም ይለኛል፣ ዓይኑን መሬት ጥሎ፤
አልፈርድበትም፤ ማን ያውቃል፣
ከላይ አንዱ «አራት» ብሎት ይሆናል፣ ደውሎ።

ማሪቴስን ግን ጀግና አትበሏት፣ ትቆጣለች።
«ቴርሞሜትር ጀግና ነው እንዴ? ያየውን ነው የሚናገረው» ትላለች።

እኔ ሥልጣኑ ቢኖረኝ ንስሩን አወርደው ነበር፣
ያቺን የመዝገብ ገጽ በቦታው ልሰቅል።
አሥራ አንድ ትላለች።
የመጀመሪያዋ ሰረዝ፣ ቀረብ ብላችሁ ብታዩዋት፣
ትንሽ ታዘነብላለች።