የቀን ትርፍ

አክስቴ ሬሜዲዮስ ያን ፎርም ስትሞላ፣
ፍሬዝኖ ላይ፣ ከሌሊት ፈረቃዋ በኋላ፣
እኔ ኢሎኢሎ ነበርኩ፣ ወንበር ይዤ ድክ ድክ ስል፣
አባቴ ከጂፕኒ ሥር ተንጋሎ ብሎን ሲያላላ።
"ወንድም" በሚለው መስመር
ስሙ ሰፈረ፦ ክሪሳንቶ።
ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ኖረ
እንደ መንገደኛ ሻንጣውን ዘግቶ።

ወለሉ አፈር ነው።
"ለሚሄድ ሰው ሲሚንቶ ምኑ ነው?" ይላል አባቴ።
ጣሪያው ያፈሳል፤ "ይቺን ክረምት ብቻ" እያለች
ባልዲ ትደቅናለች እናቴ።
ውሻችን ስም የለውም። ትተነው ለምንሄደው ስም ምን ያደርጋል?
(ሦስተኛው ነው። ሁለቱ ስም ሳይወጣላቸው አርጅተው ሞተዋል።)

ወር በገባ ቁጥር የቪዛው ሰንጠረዥ ይወጣል፤
እናቴ መነጽሯን አጥልቃ የኛን ቀን ትፈልጋለች።
ቀኑ ግን ቀንድ አውጣ ነው፤ ሳምንት ይሳባል፣ ይቆማል፣
ሲለው ደግሞ ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ ይመለሳል።
"ተራመደ?" ይላል አባቴ።
"ዛሬስ ተኝቷል" ትላለች።

ስሜ ሉዝቪሚንዳ ነው፤ ሉዞን፣ ቪሳያስ፣ ሚንዳናው፣
ያገሬ ደሴቶች በአንድ መርፌ የተሰፉ።
"እዚህ ማን አንደበቱ ሊፈታለት?" ብላ ሳቀች አክስቴ በስልክ፣
"ከአሁኑ ሉዝ በሏት።"
ሉዝ ተባልኩ።
ስሜም እንደ ጓዝ ተመዘነ፣ ተቆርጦ ተጣለ ትርፉ።

ሃያ ሁለት ዓመት አልፎ ተራችን ደረሰ።
ማኒላ፣ ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሴት
(ክፉ አልነበረችም፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችን)
ሂሳቡን በእርሳስ ሠራችው፦
"ሃያ አራት ዓመት አልፎሻል። ፋይላችሁ ጠረጴዛ ላይ የተኛበት
ሦስት ዓመት ይቀነስልሻል፤ እሱ የኛ ነው።
ወረፋው ግን አይቀነስም። ወረፋው የናንተ ነው።"
ቀነሰች።
ሃያ አንድ ዓመት ቀረ፣ የልጅነት ድንበር፤
ከድንበሩ ወዲያ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ቀን።

ሰው ክፉ ሲያገኘው "የቀን ጎዶሎ" ይላል።
የኔ መች ጎደለ? የኔስ ተርፎ ነው የፈሰሰው።
የትኞቹ ናቸው ግን? ብጠየቅ እመርጥ ነበር፤
ኩፍኝ ይዞኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞርኩባቸውን፣
ጎርፍ ትምህርት ቤቱን የዘጋበትን ሳምንት፣
ከኤልመር ጋር በአንዲት ማበጠሪያ ተጣልተን የተኳረፍንበትን፤
ውሰዷቸው፣ ምን አደርጋቸዋለሁ።
ማንም አልጠየቀኝም።

አባቴ "እኔም አልሄድ" አለ፣ አንድ ሌሊት።
እናቴ ዝም። ኤልመር አዲሱን ጫማውን ያያል፤
አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ቀን አልተረፈውም።
"ሂዱ" አልኩ። ማን ሊል ነበር ሌላ?

አውሮፕላን ጣቢያው በር ላይ አባቴ ጆሮዬ ሥር፣
የጋራዥ ዘይት ዛሬም ከጥፍሩ ሳይለቅ፣
"እንደ ደረስኩ አስገባልሻለሁ" አለኝ፤
"ሌላ ወረፋ አለ፣ ያላገቡ ልጆች ወረፋ።
ብቻ፣ ልጄ፣
እንዳታገቢ።"

ሮዴል ከጎኔ ቆሞ ነበር፣ የእናቴን ሻንጣ ተሸክሞ።
ሰምቷል።
ያልሰማ ለመምሰል ሻንጣውን
ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ አዞረው።

በሳምንቱ ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ ገዛሁ።
በሮዴል ትራይስክል አመጣነው፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሰን።
አሸዋ ነፋን፣ አቦካን፣ ከጓዳው ጀምረን ወደ በሩ
ወገባችን እስኪቆረጥ ለሰንን።
ስለ ወረፋው አላነሳም። እኔም አላነሳሁ።
መሸ።
ወለሉ እርጥብ ነው፣ ያበራል፤ እዚህ ቤት ውስጥ
እንዲህ ለጥ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።
ይሄኔ ውሻው በበሩ ገባና፣ እየተዝናና፣ መሃል ለመሃል
ዱካውን እየተከለ ሄደበት።
ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤
የምጠራበት ስም አጣሁ።