የዱቤ ደብተር

የሠርጋችን ዕለት ፍኖተ ሰላም መብራት አልነበረም፤
ካሜራው ሞተ፣ ሙሽራው ገባ፣ ማንም አላነሣንም።
ዛሬ ለቪዛው፣ ቆንስሉ «እውነት ባልሽ ነው? አሳዪኝ» ቢለኝ፣
የምንይችል ሱቅ የዱቤ ደብተር ብቻ ትዝ አለኝ።

«ይበልጣልና እናኑ» ይላል፣ ባንድ መስመር፣ ባንድ ቀለም፤
ስኳር ሁለት ኪሎ፣ ላምባ፣ ሳሙና... ከዚያ ወዲያ አላነብም፦
«አንድ የሕፃን ጡጦ።»
እሱን እንኳ ተርጓሚው ቢዘለው።
ቸኩለን ነው የገዛነው።

ዕዳውን ቆጥሬ ሰጠሁ። ምንይችል እስክሪብቶ አነሣ፣
ሊሰርዘን።
«ተው!» ብዬ እጁን ያዝኩት፤ «ብርህን ቁጠር፣ መስመሩን ግን አትንካ።»
ሳቀ ሽማግሌው፦ «ዕዳዬ ይቆይ የሚል ሰውም አለ ለካ!»

ደብተሩን በነጠላዬ ጠቅልዬ
ፎቶ ኮፒ ቤት ደረስኩ።
መብራት ጠፍቷል።