ኖራው እስኪያረጅ

ሐምሌ ነው፤ መብራት የለም፤ ቆርቆሮው በዝናብ ይመታል፤
አያ ይግዛው ግንበኛው ደጃፌ ላይ ጃንጥላ ያራግፋል።
ከኮቱ ኪስ አራት ብልቃጥ አውጥቶ
ባንኮኒዬ ላይ ደረደረ፣ እንደ ጥርብ ድንጋይ ለክቶ።
«አንቺ ፋርማሲስት ነሽ፤ እኔ ድንጋይ ነው የማውቅ፤
የትኛው ነው ዕድሜ የሚቀጥል፣ የትኛው ነው የሚያስቅ?»

በስልኬ ብርሃን አነበብሁ።
የመጀመሪያው ከወይን ልጣጭ፤ ዝናው ካቅሙ ይረዝማል።
ሁለተኛው የሴል ነዳጅ፤ ደም ውስጥ ቁጥሩን ያወጣል፤
ቁጥር ወጣ ማለት ግን ሽማግሌ ዳገት ወጣ ማለት መቼ ይሆናል?
ሦስተኛው የስኳር ኪኒን፤ ይኸንንስ አውቀዋለሁ፣
ለሕሙማን እሰጣለሁ፤
«ዕድሜስ?» ይጠናል፤ ገና ነው፤ ቁርጡን የነገረኝ የለም አልሁ።
አራተኛው ፔፕታይድ፤ ነጭ ዱቄት፣ በጠርሙሱ ጥግ የተያዘ፣
በመርፌ የሚወጋ፤ «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ከጎኑ የደበዘዘ።
በቅዝቃዜ ካልኖረ ይበላሻል ይላል መመሪያው፤
ፍሪጄን አየሁ፤ ሦስት ቀኑ፤ ቀልጦ አልቋል በረዶው።
ዕድሜ አስረዛሚው ራሱ እስከ ማግሥት መክረም ቸገረው!

«ማን ላይ ሞከሩት?»
አይጥ ላይ። ትንሽ ቆየት ብላ ኖረች ይላሉ።
«እሷማ ምን አለባት!
ከአዘዞ አራዳ ዳገት አልወጣች፣ ዕድር የለባት፣
በልጅ ልጅ ሠርግ ተነሥተሽ ካልጨፈርሽ የሚላት የለባት።»

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።
ጠጉሩን ቀለም ያልነካው ሰው፣ መስታወት እንኳ አይወድም፤
ምን ነክቶት ነው?

«ከቀሃ ማዶ ጉድጓድ ምሼ ኖራ ቀብሬያለሁ።
የግንብ ስንጥቅ በሲሚንቶ ሲደፍኑ አይቻለሁ፤
ሲሚንቶ ችኩል ነው፤ ከድንጋዩ በላይ ይጠነክራል፣
ክረምት ሲያልፍ ጥገናው ቆሞ ድንጋዩ ይሰነጠቃል።
ኖራ ግን እንደኛ አይደለም፤ ሲያረጅ ነው የሚበረታ፤
ሦስት ክረምት ውሃ ጠጥቶ፣ እንደ ቅቤ ሲፈታ።
ይኸው ገና አንዱ ነው። ተማሪዬ እንዳልቸው
ጣቱን ነክሮ ‹ደርሷል› ይላል፤ እኔ ከሌለሁ ማን ሊመልሰው?
ሁለት ክረምት ነው የምለምን። ከዚያ ወዲያማ ያው ነው።»

ለሁለት ክረምት የሚበቃ ከመደርደሪያዬ የለም።
ክንዱን አስሬ ለካሁ፤ ግፊቱ ከፍ ብሏል፤ አላወቀም።
ያችን ርካሽ ኪኒን ሰጠሁት፣ ማንም ስሟን የማያነሣት፤
«በየጧቱ አንድ። ጨው ቀንስ።» ቅር አለው፤ ግን ከፈለባት።
ብልቃጦቹን ትቶ ሊወጣ ሲል ዘወር አለና፦
«ያ ካርቶኑ የመጣበት ላስቲክ ትርፍ ነው? ጎርፍ ይገባበታልና...»

አጥፌ ሰጠሁት። በብብቱ ሸጉጦ፣ ጃንጥላውን ረስቶ፣
ወደ ቀሃ ቁልቁል ወረደ፣ ኮቱን ራሱ ላይ ደፍቶ።