በ«ለ» እና በ«ረ» መካከል

መዝገበ ቃላቱ ባንድ መስመር ዘጋው፦
«አብጠለጠለ፦ የሰውን ነውር ዘርዝሮ አወጋው።»
እውነት ነው። ይህን ቃል እኔ ግን ያገኘሁት
ሂርማታ ነው፤ ቆርቆሮ ሥር፣ ከዋንዛ ፍቅፋቂ ጋር ነው የጠረግሁት።

ኑረዲን አባ ፊጣ በርጩማ ይጠርባል፣
እንጨትን እንደ ፊደል በጣቱ ያነባል።
የመጀመሪያዬን፣ አሥራ አንድ ቀን የለፋሁበትን፣
በዘይት አሽቼ ፀሐይ ያሳየሁትን፣
ፊቱ አኖርሁት። ቆመ። ንቅንቅ አላለም።
እኔም ከኩራቴ ንቅንቅ አላልሁም።

«ሦስት እግር ሌባ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል፤
«ባለአራቱ ቢጣመም ይንገዳገድና ራሱን ያጋልጣል፣
ባለሦስቱ ግን፣ ጠማማም ቢሆን፣ ተደላድሎ ይቀመጣል።»
ጣሳ ውኃ አንስቶ መቀመጫው ላይ ደፋ፤
ውኃው ወደ ግራ ሸሸ፤ እዚያ ተኛ፣ እንደሚያንቀላፋ።

ከዚያ ጀመረ፣ ገበያው እየሰማ፦
ግራ እግሩ አጭር፣ አንገቱ ደካማ፣
መሮው ከእንጨቱ ጅማት ጋር የተጣላ፣
«ዘይቱስ? ምን ሊደብቅ ነው እንዲህ የቀላ?»
ሳሙና ሻጯ ዘምዘም ሳቀች።
ፌስታል ያንጠለጠለ ሰውዬ መንገዱን ትቶ ቆመልኝ።
ጆሮዬ ጋለ።

«ለምን ያብጠለጥሉኛል?» አልሁ፣ ድምፄ ተሰብሮ።
እሱ፣ አፉን በኦሮምኛ የፈታ፣
ያማርኛን ፊደል እንደ መሮ እየመረጠ የሚያነሳ፣
መለሰ፦ «አላብጠለጠልሁም። አብጠረጠርሁ።
በ‹ለ› የመጣ ሰው በትኖህ ይሄዳል፤
በ‹ረ› የመጣ ግን ፍሬህን ትቶልህ እብቅህን ይወስዳል።»
እርሳስ ከጆሮው ጀርባ አውጥቶ እግሩ ላይ አሰመረ፤
መሮውን በእጀታው በኩል አቀበለኝ።

ያን ሌሊት አልገባኝም። አዌቱ ድልድይ ላይ ቆሜ ሰደብሁት፣
በ«ለ»ም በ«ረ»ም፣ በማውቀው ፊደል ሁሉ።
ለሚገረፍ ጀርባ አለንጋው አንድ ነው።

ዛሬ የሰሚር በርጩማ ፊቴ ቆሟል።
ውኃው ወደ ግራ ሄዷል።
አፌን ከፍቻለሁ።
ሁለቱን ፊደል ቀስ ብዬ ሞከርሁ፦
«ለ» ስል ምላሴ ላንቃዬን ተደግፎ ያርፋል፣
«ረ» ስል ራሱ ይንቀጠቀጣል።
ሳልናገር ቆየሁ።

የኔ፣ የዚያን ጊዜው? ዘምዘም በግማሽ ዋጋ ወሰደችው።
እስካሁን ትቀመጥበታለች።
«ምን ሆነና?» ትላለች፤
«የሱቄ ወለል እንደሁ ወደ ቀኝ ያዘነብላል።»