ኮከብ ቆጠራ

የካቲት። ዱሉዝ ላይ ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፣
መርከብ ሁሉ ጥጉን ይዞ አንቀላፍቷል።
ቨርና ሆገንን ግን እንቅልፍ አልወሰዳት፣
የዳሌዋ አጥንት ሌሊቱን እያኘካት።
ይቀየር ተብሏል፤ ብረት ይገባበት፤
ጥያቄው የት ነው። ከተማው አለው ሁለት፦
አንዱ ኮረብታ ላይ፣ ቅድስት ብሪጊታ፣
ሌላው ሐይቁን ታክኮ የሚያበራ ማታ።

ልጇ ከሩቅ ሆና ወረቀት ልካለች፤
«እማ፣ ጎን ለጎን ነው፣ አስተያዪው» ብላለች።
ተኝተው የወጡ የሰጡት ምስክር፣
ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ ለሕዝብ የሚነገር።

ነርሷ ታዳምጣለች? ሐኪሙስ ያስረዳል?
ደወል ሲጫኑበት ሰው ቶሎ ይደርሳል?
መታጠቢያው ንጹሕ፣ ሌሊቱ ጸጥ ያለ?
«ሁልጊዜ»፣ «ብዙውን ጊዜ»፣ «አንዳንዴ»፣ «በጭራሽ»፤
ከአራቱ ባንዱ ላይ ምልክት የጣለ
ሰው ሁሉ ተቆጥሮ ኮከብ ይሆናል።

(እኛ ዘንድ ተረት ነው፦ የወጋ ቢረሳ
የተወጋ አይረሳ።
እነሱ ዘንድ ቅጽ ነው፣ የመርፌን ጠባሳ
በቁጥር የሚያነሣ።)

ሐይቅ ዳር አራት ኮከብ። ብሪጊታ ሁለት።
በጸጥታው ረድፍ ላይ ጭራሽ አንዲት ናት።
ቨርና ሳቅ አመለጣት፣ ለብቻዋ፣ ማድ ቤት፦
«ኮከብ ቆጣሪ ሆንኩ በሰባ ስምንቴ፤
የኔንና የአርቪድን ማን ቆጠረው በሞቴ?
እንዲያው ገጥሞ ኖረ አርባ አምስት ዓመት።»

ወዲያው ሳቋ ቆመ።
ያችን አንዲት ኮከብ ታውቃታለች።

አርቪድ የተኛው እዚያ ነበር፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሁለት ክረምት አለፈው።
ዕድሜውን የማዕድን ባቡር የነዳ ሰው፣
ጸጥታ ሲሆን የሚባንን።
የመድኃኒት ጋሪው ጎማ ነበረው የሚያለቅስ፣
ከመተላለፊያው ጫፍ ተነሥቶ በሩ ድረስ።
አርቪድ በጨለማ ፈገግ ይልና፦
«የዘጠኝ ሰዓቱ መጣ፤ ዛሬም አልዘገየ»፣
ከዚያ ይተኛል።
ከጎኑ የነበረው፣ ጆሮውን በትራስ የደፈነው፣
እሱ ነው መቼም «በጭራሽ» ላይ ምልክት ያኖረው።
አልዋሸም። የሱም ሌሊት እውነት ነው።

አርቪድን ማንም አልጠየቀው።
ወረቀቱ የሚላከው ቤቱ ለገባ ነው።

ደግሞ ፍቅር አያድላ፤ ሌላም አልረሳችም፦
በመጨረሻው ሳምንት ደወሉን ተጭና
ሠላሳ ስምንት ደቂቃ፣ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ፣
አንሶላው ርሶ፣ እሱ አፍሮ
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።
ያም አለ እዚህ ወረቀት ላይ።
ሁለት ኮከብ።
ትክክል።

ስልክ አነሣች።
«አራተኛ ፎቅ ያለው ጋሪ… ጎማው ዛሬም ይጮኻል?»
ወጣት ድምፅ፣ ደስ ብሎት፦ «ውጤቱ ከወጣ ወዲህ
ጋሪውን ሁሉ ቀየርን፣ እመቤቴ፤ አሁን ኮሽ አይልም።»
«ደወሉስ?»
ልጁ ዝም አለ።
ዝምታውን እንደ ልማዷ በሰዓቷ ለካችው፤
አመሰገነችው፤ ሐይቅ ዳር ደወለች።

ሚያዝያ። በረዶው ተሰነጠቀ። ቨርና በብረት ዳሌ
እስከ ፖስታ ሳጥኑ ትሄዳለች፤ ትመለሳለች።
አንድ ቀን ፖስታው መጣ፤ የሷ ተራ።
ደወሉ? «ሁልጊዜ»፤ ሁለት ደቂቃ አልሞላም።
ሌሊቱ? ብዕሯ አየር ላይ ቆመ።
ጸጥ ያለ ነበር። አንድም ባቡር አላለፈም።
ጥያቄው ግን ተኛሽ ወይ አይልም።
«ሁልጊዜ» ላይ ምልክት አደረገች፣ አሸገችው።

በሚመጣው ክረምት የማታውቃት ሴት
ጉልበቷን እያሸች ኮከብ ትቆጥራለች፤
ከአንዷ ኮከብ ጥግ ቨርና እንዳለች፣
ከቨርናም ኋላ የሚያለቅስ ጎማ፣
አትሰማም። ጸጥ ብሏል ከተማ።