ስምንተኛው ሚስማር

ከፉሪ ወዲያ ነው፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ።
ሰባ አምስት ካሬ፣ ሽቦ የከበበው፣
አንድ ክምር ባህር ዛፍ ዝናብ ያረጠበው።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ሌሊት እሠራለሁ፣
ጠዋት በታክሲ እዚህ እደርሳለሁ፣
ጫማዬን ቀይሬ ድንጋይ እቆጥራለሁ።

ሞሲሳ አናጢዬ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣
ክንዱ አልታዘዝ ይላል ገና በጠዋቱ።
መዶሻ ሲያነሳ ከንፈሩን ይነክሳል፣
“ብርድ ነው” ይለኛል፣ ላቡን ግን ያብሳል።
ብርድ እንዳልሆነማ አውቃለሁ፤
የሰው ትከሻ ሳገላብጥ ነው የማድረው።

እቁቤ ወጣልኝ። ቅዳሜ ወረድኩ፣
ምናለሽ ተራ ላይ ብረት መሀል ዞርኩ።
ሻጩ ልጅ እግር ነው፣ ሱራፌል ይሉታል፣
ግራሶ በጠጣ ጣቱ ያሳየኛል።

“ይኼ በባትሪ ነው፤ ገመድ አይጎትትም፣
ባትሪው ሲሞት ግን ከመዶሻ አይሻልም።
ይኼኛው በጋዝ ነው፤ ጋዙስ ግን ከየት?
ሰው ከዱባይ እስኪመጣ መጠበቅ ነው፣ እህት።
ይኼ በአየር ነው፤ ኮምፕረሰር ይፈልጋል፣
ጎሚስታ ቤት እንዳለው፤ ሲነሳ ያጓራል፣
ግን እንደ በቅሎ ነው፤ ከበላ ይሠራል።”

“ሚስማሩስ?” አልኩት።
በኪሎ የምንገዛው ከሆዱ አይገባም፤
የሱ ምግብ ሌላ ነው፣ በወረቀት የታሰረ፣
እንደ ዝናር ጥይት አጋድሎ የተደረደረ።
“ካለቀብሽ እኔ ጋ ነው፤ ሌላ ቦታ አትልፊ፣
አታገኚም” አለኝ።
እንደዚህ ስላለኝ መሰለኝ ያመንኩት።

አንድ ነገር ቀረኝ፦ “ሳይነካስ ይተኩሳል?”
“አፉን እንጨት ላይ ካልተጫንሽው ዝም ይላል።
ቃታውን ይዘሽ ስታንኳኪ ስትሄጂ
የሚረጭም አለ፤ ፈጣን ነው፣
ግን እጅ ይወዳል።”

እጅ የወደደውን አይቻለሁ፣ አንድ ሌሊት፤
መዳፉ ከማገር ጋር የተሰፋ ሰው፣
እንጨቱን አቅፎ መጣ፣ እንደ ሕፃን፣
ወረፋ ይዞ፣ ማንንም ሳይገፋ።
ቀስ የሚለውን መረጥኩ፤
አንድ ጭነት፣ አንድ ቃታ፣ አንድ ሚስማር።

ሰኞ ሞሲሳ አየው፤ አገላበጠው፤ አሸተተው።
“ስሙ ማን ነው?” “የሚስማር ሽጉጥ።”
ዝም አለ።
“ሲስተር፣ በዚህ ስም ቤት አይሠራም።”

ኮምፕረሰሩ አጓራ። የመጀመሪያው ጧ! አለ።
ጎረቤቴ ጫልቱ ልጇን ስባ ገባች፣
በሯን ቀረቀረች።
ዘበኛው ከማዶ ዱላውን ይዞ ሮጠ፣
እኔን ሲያይ ሳቀ፤
ሳቁ ግን ዘገየ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ።
ጫልቱን በበሩ ቀዳዳ “ሚስማር ነው” አልኳት።
“ሚስማር እንዲህ ይጮኻል?” አለች፤
አልከፈተችም።

ርጥቡ ባህር ዛፍ ሚስማሩን ከነራሱ ዋጠ፣
ደረቁ ተሰነጠቀ፣ እስከ ጫፉ ፈጠጠ።
ሞሲሳ ግፊቱን ዝቅ አደረገ፣ ባንድ ጣት፣ ቀስ፣
የወጥ ጨው እንደሚቀምስ።
እስከ ቀትር ጣሪያው ላይ አርባ ወራጅ መታ፣
ከንፈሩን ሳይነክስ።

ከዚያ መብራት ሄደ።
በርሜሉ ውስጥ ግን የቀረ አየር ነበር።
“ስንት ይመታል?” አልኩት። “እንቁጠራ” አለኝ፤
ከጣሪያው ወርዶ ወደ በሩ መቃን ተጠጋ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።
አራተኛው ላይ ድምፁ ሰለለ።
ሰባተኛው የሽማግሌ ሳል ነበር።
ስምንተኛው ግማሹ ገባ፣
ግማሹ ውጭ ቀረ።

ሞሲሳ ወገቡን ዳበሰ፤
መዶሻው እዚያው ነበረ።
“ተወው” አልኩት።
“ለምን?”
“ተወው ብቻ።”

አሁን ግድግዳው ተለስኗል፤ ቀለሙ ገና ነው።
ጫልቱ አንድ ቀን ገብታ መቃኑን ዳሰሰች፣
“ይኼ ነው የጮኸው?” አለችኝ።
ጠዋት ከሥራ ስመለስ
ጋዎኔን እሱ ላይ እሰቅላለሁ፣
መብራት ኖረም አልኖረ።