ሲስተም የለም

ጎማ ቁጠባ ነው፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
በአንዲት መስኮት ብቻ ፀሐይ የምትገባ
ክፍል ውስጥ ነው ያለሁ፣ በሩን ዘግቼበት፣
ያልመለስኳቸውን ጥያቄ ለጥፌበት፦

«ማሽኑ ቦታ ሞልቷል ቢልሽ አንድ ሌሊት፣
ምኑን ነው የምታይው፣ የቱን ነው በፊት?»

ቦታ ሞልቷል!
አማርኛ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይስቃል።
የለገሃር ታክሲ ረዳት በሩን ይዞ፣
ወንበሩ የሦስት ሰው አራተኛ አርግዞ፣
«ቦታ ሞልቷል፣ ግቡ!» ይላል።
እውነቱን ነው። ሞልቷል።

ማታ ማታ መዓርግ እኔን ይፈትናል፤
ራሱ ሦስቴ ወድቆ ጉድጓዱን ያውቀዋል።
ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ስንወርድ
ድምፁን አወፍሮ፣ እንዳልነበር ዘመድ፣
«አድራሻ ጻፍሽና አስገቢን ነካሽው፤
ገጹ እስኪከፈት ምን ሆነ? ተርኪው።»

«መጀመሪያ» አልኩት «ስሙን ይዞ ይሄዳል፣
ቁጥር ከሚያውቅ ሰው ቤቱን ይጠይቃል።»
«ልክ እንደኛ ሰፈር?»
«እኛማ ቁጥር የለን፤
ከፖስታ ቤት ዝቅ፣ ከቢጫው ግንብ ጎን።
ግንቡ አምና ፈረሰ፤ ሰው ግን ዛሬም ድረስ
ቢጫውን ይጠቁማል፣ መዝገቡ ሳይታደስ።

ከዚያ ሰላምታ አለ፣ ሦስት ቃል ብቻ ናት፦
አለህ? አለሁ፣ አለህ? አለሁ። ይኸው ናት።»
«ሦስት?» አለ መዓርግ፣ ቆመ፣ ሳቁ መጣ፣
«የአክስቴ ሰላምታ ከጎረቤት ሳይወጣ
ሰዓቱ ያልቅ ነበር!»

ብሔራዊ ቴአትር ስንደርስ ዝም አለ።
«አሁን የመጨረሻው» አለኝ ቀስ እያለ፣
«በገዛ እጅሽ የጣልሽው ነገር ካለ ንገሪኝ።»
ጣቴ ቀዘቀዘኝ።

የጥቅምት መጨረሻ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
የባንኩ ምድር ቤት፣ ማሽን የሚጮኽበት፣
ሁለት ጥቁር መስኮት ጎን ለጎን ከፍቼ፣
የሙከራው መስሎኝ ዋናውን አጥፍቼ
ጠዋት ደረጃው ላይ ጡረተኞች ቆሙ፣
ደብተር በፌስታል ጠቅልለው፤ ለብርዱም አልገረሙ።
ከፋይዋ ብቅ አለች፣ ቃሉን ወረወረች፦
ሲስተም የለም።

ማንም አልተቆጣም። ከተማው ለምዶታል፣
እንደ ዝናብ፣ እንደ ሰልፍ፤ ትከሻ ሰጥቶታል።
አንድ አዛውንት ብቻ፣ ዣንጥላ ተደግፈው፣
«ወዴት ሄዶ ነው ግን?» አሉ አንገት አስግገው፣
«ይሄ ሲስተም የሚሉት፣ በየወሩ የሚጠፋው፣
ቤተሰብ የለውም እንዴ የሚፈልገው?»

ከመስታወቱ ኋላ፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይኔን ይዤ፣
እኔ ነኝ ቤተሰቡ አልኩ፣ በሆዴ፣ ፈዝዤ።

«እንዲህ አትንገሪ» አለኝ መዓርግ ሲመክር፣
«'ሰረዝኩ' አይባልም። 'ተሰረዘ' ይነገር።
'ቡድናችን' በይ፤ 'ስህተት ተፈጠረ' በይ።»
ያችን ትንሽ ፊደል፣ «ተ»ን፣ ከፊት አስቀድሜ
ሌሊቱን ሞከርኳት። አልመጣልኝም በሕልሜ።

ዛሬ ነው እንግዲህ። ደብዳቤው ስድስት ይላል፣
ስልኬ ዘጠኝ ይላል፣ እኔ ሦስት እላለሁ፤
አንዲቷን ደቂቃ በሦስት ስም ጠርቻት ሦስቴ ቆጥሬያለሁ።
የሚሹት ይኸን ነው፤ አራት ዘጠኝ ተሰልፎ፣
በዓመት ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ብቻ ጠፍቶ።
የሰፈሬ መብራት ይህችን በአንድ ምሳ
ይጨርሳታል።
ስለዚህ ከጋራዡ፣ ከዳምጠው፣ የአይሱዙ ባትሪ
ተውሼ ጎትቻለሁ፤ ገመዱ አልጋዬን ዞሮ
ከመስኮቱ ሥር ይጠባበቃል።

መብራቱ አንዴ ቀላ፣ ከዚያ ሄደ።
ኮምፒውተሬ ግን ዓይኑን አልከደነም።

«ትሰሚኛለሽ?»
«እሰማለሁ። ትሰማኛለህ?»
«እሰማለሁ።»

ስለ ዲስክ ጠየቀኝ፣ ስለ ስምም ጠየቀኝ፤
አንዱን አወቅኩለት፣ ሌላው አደናቀፈኝ።
ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፦
«እስቲ ስለ አንድ ብልሽት…» አለ።

ውጭ ዳምጠው ጎማ ይመታል።
ዣንጥላው ታየኝ።

«እኔ» ብዬ ጀመርኩ።